ከባሕርዩ የወጣ ጠላት፦ የኮምፒውተር ጨዋታዎች፣ ዜና መዋዕሎችና የጉራጌ ምድር የታሪክ አጻጻፍ



 የንግግሩ ርእስ ይፋ ከሆነ ወዲህ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ደርሶኛል፤ ይኸውም «የታሪክ መምህርን ከቪዲዮ ጌም ምን አገናኘው?» የሚል ነው። መልሴ አጭር ነው። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ወጣቱ ከትምህርት በኋላ በፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ በኮምፒውተርና በእጅ ስልኩ ላይ ረጅም ሰዓት ያሳልፋል። ከሚጫወታቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ የእግር ኳስ ቢሆኑም ጥቂት የማይባሉት ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ጠላት የሚተርኩ ናቸው። ስለዚህ ወጣቱ ጠላት ምን እንደሚመስል፣ እንዴት እንደሚሠራና በመጨረሻ ምን እንደሚሆን ከእኛ መማሪያ ክፍል በፊት ከጨዋታው ተምሮ ይመጣል። እኔም ዛሬ የማነሣው ይህንኑ ነው፦ ጠላት እንዴት ይሣላል? ከተሣለለት መልክ ሲወጣስ የታሪክ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል?

ደንቡና ከደንቡ ያፈነገጠው

በምናባዊ ዓለም ላይ የተመሠረቱ ጨዋታዎች ሁሉ አንድ የጋራ ሥርዓት አላቸው። ጠላት የሚፈጠረው እንዲሸነፍ ነው። ቁመናው፣ ድምፁ፣ የጦር መሣሪያው፣ የሚኖርበት ጨለማ ዋሻ፣ ሁሉም ለተጫዋቹ አንድ ነገር ይነግሩታል፤ «ይህ የሚገደል ነው» ይሉታል። ተጫዋቹም ሳያመነታ ይገድላል። ከጊዜ በኋላ ማሰቡን ትቶ በልማድ ብቻ ይገድላል።

ሆኖም አንዳንድ የጨዋታ ደራስያን ይህንን ልማድ ሆን ብለው ያፈርሱታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው «ዳርክ ሶልስ» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ሲፍ የሚባል ግዙፍ ግራጫ ተኩላ አለ። ተኩላው የጌታውን የአርቶርያስን መቃብር ይጠብቃል፤ ሰይፍ በአፉ ነክሶ ይዋጋል። ጉልበቱ ተሟጥጦ ሞት ሲቃረብበት ግን ማነከስ ይጀምራል። በሌሎች ጠላቶች ላይ ያልታየ ነገር ነው። ተጫዋቹ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ይሰበስባል፤ ይሁን እንጂ ተኩላውን ሳይገድል የጨዋታው መንገድ አይከፈትለትም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «አንደርቴል» ደግሞ ቶሪየል የምትባል እናት መሰል ፍጡር ተጫዋቹ ከቤቷ ወጥቶ አደጋ ላይ እንዳይወድቅ መውጫውን ዘግታ ትዋጋዋለች። የተጫዋቹ ጉልበት አልቆ ሊሞት ሲል ግን የምትወረውረው እሳት እየሸሸው ያልፋል። ጠላቱ መግደል አልፈለገችም። እንደዚሁ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው «ስካይሪም» ውስጥ ፓርተርናክስ የሚባል ዘንዶ አለ። በጥንት ዘመን የክፉው ዘንዶ የአልዱዊን ቀኝ እጅ የነበረ ቢሆንም ኋላ ከሰዎች ጎን ቆሞ ጥበቡን ያስተማረ ነው። የዘንዶ አዳኞች ማኅበር ግን የቀድሞ በደሉን ጠቅሶ ተጫዋቹ እንዲገድለው ይጠይቃል። ውሳኔው ለተጫዋቹ የተተወ ነው።

እነዚህ ሦስት ምሳሌዎች የሚያሳዩን አንድ ቁም ነገር አለ። ያፈነገጠው የሚታየው ደንቡ ስላለ ብቻ ነው። ሌሎቹ ጠላቶች ሁሉ የሚያነክሱ ቢሆኑ ኖሮ የሲፍ ማነከስ ባልታወሰ ነበር። ስለዚህ ከባሕርዩ የወጣ ጠላት ስናይ ስለ ጠላቱ የምናውቀው ጥቂት ነው፤ ስለ ራሳችን ግምት የምናውቀው ግን ብዙ ነው። ይህንን ሐሳብ ይዘን ወደ አንድ ይበልጥ ታዋቂ ምሳሌ እንሻገር።

የጋንዲ ቦምብ፣ ወይም ግምት ማስረጃን እንዴት እንደሚፈጥር

ሲድ ሜየር የተባሉት አሜሪካዊ የጨዋታ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1991 «ሲቪላይዜሽን» የተባለውን ጨዋታ አወጡ። ተጫዋቹ አንድን ሥልጣኔ ከጥንት ጀምሮ እስከ ጠፈር ዘመን ይመራል፤ ተፎካካሪዎቹም በታሪክ የሚታወቁ መሪዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሕንዱ ማሕተመ ጋንዲ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ በተጫዋቾች ዘንድ አንድ ወሬ ተናኘ። ወሬው እንዲህ ይላል፦ የጋንዲ የጠብ አጫሪነት ቁጥር 1 ነበር፤ አገራቸው ዴሞክራሲን ስትቀበል ጨዋታው ከዚህ ቁጥር ላይ 2 ይቀንሳል፤ ኮምፒውተሩ ከዜሮ በታች መቁጠር ስለማይችል ቁጥሩ ተገልብጦ 255 ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት የሰላም ሰው የተባሉት ጋንዲ በዓለም ላይ የኒውክሌር ቦምብ የሚያዘንቡ ጨካኝ ይሆናሉ።

ታሪኩ ያማረ ነው። ምክንያት አለው፣ ቁጥር አለው፣ ምጸትም አለው። ነገር ግን እውነት አይደለም። ሲድ ሜየር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው እንዲህ ያለ የፕሮግራም ስሕተት እንዳልነበረ ገልጸዋል። በመጀመሪያው ጨዋታ ጋንዲ ቦምብ የጣሉት እንደ ማንኛውም ተፎካካሪ መሪ ነው። ሌላ መሪ ሲጥል ተጫዋቹ አይገርመውም፣ አያስታውሰውም፤ ጋንዲ ሲጥሉ ግን ይደነግጣል፣ ለጓደኛው ይነግራል። ብዙ ሰዎች ተመሳሳይ ድንጋጤ ሲያወሩ «ጋንዲ ከሁሉም ይብሳሉ» የሚል እምነት ተፈጠረ። ለእምነቱም ማብራሪያ ተፈለገለት፤ ማብራሪያውም ተገኘለት።

ከዚህ የሚከተለው ክፍል ለታሪክ ተማሪ ከሁሉም የላቀ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 አምስተኛው «ሲቪላይዜሽን» ሲወጣ አዘጋጆቹ የጋንዲን የኒውክሌር ዝንባሌ ሆን ብለው ለቀልድ እጅግ ከፍ አድርገው አስገቡት። ማለትም በመጀመሪያ ያልነበረው ነገር በወሬ ኃይል በመጨረሻ እውነት ሆነ። አምስተኛውን ጨዋታ ብቻ የሚመረምር ሰው «እነሆ ማስረጃው፤ ወሬው ትክክል ነበር» ሊል ይችላል። ስንት የአፈ ታሪክ ምንጮቻችን እንዲህ ሆነው ይሆን? አንድ ትረካ በቃል ሲነገር ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ጸሐፊ በመጽሐፍ ያስገባዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ተመራማሪ መጽሐፉን ጠቅሶ የቃሉን ትረካ ያረጋግጥበታል፤ የቃል ተራኪውም በተራው «በመጽሐፍም ተጽፏል» ይላል። ክቡ በዚህ ይዘጋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መመሪያዬ ይህ ነው፦ አንድ ጠላት ከባሕርዩ ወጣ ሲባል አስቀድመን መጠየቅ ያለብን «የማን ግምት ነው የተጣሰው?» የሚለውን ነው። ሰውዬው ባልተለመደ ሁኔታ ሠርቶ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ የሠራው የተለመደውን ሆኖ የእኛ ሥዕል ብቻ ጠቦ ይሆናል።

በገዛ ዜና መዋዕላችን ውስጥ የሚገኝ ደግ ጠላት

ከጨዋታ ወደ ሰነድ እንለፍ። በኢትዮጵያ የታሪክ አጻጻፍ ውስጥ የጠላት ዋና ምሳሌ ሆነው የኖሩት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ናቸው። የክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ስለ እርሳቸው የጻፉት በቃጠሎ፣ በግድያና በምርኮ የተሞላ ነው፤ የጻፉትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውድመቱ በእርግጥ ደርሷል። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን አንድ ከዚህ ሥዕል ጋር የማይገጥም ነገር እናገኛለን። የዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ ሚናስ በኢማሙ ሠራዊት ተማረከ። በዘመኑ የጦር ምርኮኛ ዕጣ ብዙ ጊዜ መሰለብና ባርነት ነበር። ሚናስ ግን በክብር ተያዘ። በኋላ ኢማሙ የውጭ ወታደራዊ ርዳታ አጥብቀው በፈለጉ ጊዜ ሚናስን ወደ የመን ላኩት። በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ውጊያ ኢማሙ ሲወድቁ ደግሞ የኢማሙ ልጅ በዐፄ ገላውዴዎስ እጅ ገባ። እቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጃቸውን ለማስመለስ ያደረጉት ጥረት ተሳክቶ የሁለቱ ጠላቶች ልጆች ተለዋወጡ። ሚናስም ኋላ ዐፄ ሚናስ ተብለው ነገሡ።

የሚናስ ምርኮ ታሪክ ለምን የሚታመን ይሆናል? የታሪክ ምርመራ አንድ የቆየ መርሕ አለው፤ ምስክር ከጥቅሙ ተቃራኒ የሆነ ነገር ሲናገር ቃሉ ክብደት ያገኛል። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ኢማሙን ጨካኝ አድርጎ መጻፍ ይጠቅመው ነበር፤ ደግነትን መጻፍ አይጠቅመውም። ከሥዕሉ ጋር የማይስማማው ዝርዝር ከነቅራኔው ተጠብቆ ለእኛ መድረሱ ራሱ ለእውነተኛነቱ ምልክት ነው።

ይህ ማለት ግን ኢማሙ «በእርግጥ ደግ ነበሩ» ማለት አይደለም። የተከበረ ምርኮኛ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ወደ የመን የተላከው በዚሁ ዋጋው ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው መመሪያዬ ይመጣል፦ ያልተጠበቀ ደግነት ስናገኝ «ባሕርዩ ምንድን ነው?» ከማለት በፊት «በዚያ ጊዜ በየትኛው ቦታ ላይ ቆሞ ነበር? ምን ይፈልግ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ሰው በጦርነት መካከል የሚያደርገው ነገር ከጠባዩ ይልቅ ከቆመበት ስፍራ የሚመነጭበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ ጉራጌ ምድር

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ንጉሥ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1875 እና በ1876 ወደ ጉራጌ ምድር ዘመቱ። በተለመደው ትረካ ሁለት ወገኖች ብቻ አሉ፤ ዘማቹና የተዘመተበት። የሆነው ግን እንደዚያ አልነበረም። በሰሜን ያለው ክስታኔ ለሸዋ ቅርብ ስለ ነበረ፣ በሃይማኖትም ስለ ተቀራረበ፣ ከአጎራባቾቹም ጥቃት ይሰጋ ስለ ነበር ያለ ብዙ ውጊያ ገባ። የምዕራቡ ጉራጌና ቀቤና ግን ለዓመታት ተዋጉ። የቀቤናው ኢማም ሐሰን እንጃሞ ትግሉን መርተው ሸዋን ሲያስጨንቁ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1888 በጀብዱ ሜዳ ድል የመቷቸው ራስ ጎበና ዳጬ ነበሩ። ራስ ጎበና ራሳቸው ኦሮሞ ናቸው። እንግዲህ በዚያ ሜዳ ላይ ማን ለማን ጠላት ነበር? በብሔር ቢቈጠር አንድ መልስ፣ በሃይማኖት ቢቈጠር ሌላ፣ በጌትነትና በሎሌነት ቢቈጠር ደግሞ ሦስተኛ መልስ ይገኛል። ስለ ኢማም ሐሰን የሚተርኩም እንዲሁ ይለያያሉ፤ ለአንዱ ያመፁ ባላባት፣ ለሌላው የእምነትና የነጻነት ተሟጋች ናቸው።

ከዚህ ዘመን ከሚነሡት ሰዎች ሁሉ ለዛሬው ርእሴ የሚቀርቡት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው። ትውልዳቸው ከጨቦና ከጉራጌ ምድር ጋር የተቆራኘ ነው። በወጣትነታቸው በምኒልክ ጦር ተማረኩ። ማለትም በትረካው ውስጥ የገቡት በተሸናፊው ጠላት በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ይታወቃል። በምኒልክ ቤት አደጉ፤ በዓድዋ ፊታውራሪ ገበየሁ ከወደቁ በኋላ የፊታውራሪነቱ ማዕረግ ለእርሳቸው ተሰጠ፤ በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲያቋቁሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር በተደረገው ወሳኝ ውጊያ የማዕከሉን ጦር መሩ፤ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ከንግሥት ዘውዲቱና ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር የመንግሥቱ ሦስተኛ ምሰሶ ነበሩ። በዳኝነታቸውና በብልሃታቸው ሕዝቡ «አባ መላ» እያለ ያስታውሳቸዋል።

ስድስተኛው «ሲቪላይዜሽን» እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያን ሲጨምር መሪ ያደረጋቸው ዐፄ ምኒልክን ነው። የመሪነት ችሎታቸው «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ የአገሪቱ ልዩ ወታደርም «የኦሮሞ ፈረሰኛ» ተብሏል። ጨዋታው የምክር ቤቱን አባላት በስም አይጠራም። ተጫዋቹ ከምክር ቤቱ የሳይንስና የባህል ነጥብ ያገኛል። የታሪክ ተማሪ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። የዚያ ምክር ቤት የጦር ሚኒስትር የቀድሞ ምርኮኛ ነበሩ፤ ፈረሰኞቹም ከገባር አገሮች የመጡ ነበሩ። ጨዋታው ሳያውቀው አንድ ትልቅ ጥያቄ በእጁ ይዟል፦ የመንግሥቱ ኃይል በከፊል የተሠራው ትናንት ጠላት ተብለው ከነበሩት ሰዎች ነው።

ይህ የሚያስደስት ትረካ ይመስላል። የተማረከው ከፍ አለ፣ ጠላት ዘመድ ሆነ። ነገር ግን እንዲህ ብለን ብንዘጋው ሥራችንን አልጨረስንም። ሀብተ ጊዮርጊስ የተማረኩ ሰው ሆነው ሳለ ኋላ ራሳቸው ዘማች ሆኑ፤ ቦረናን ወደ ግዛቱ ያስገባውን ዘመቻ የመሩት እርሳቸው ናቸው። ምርኮኛነታቸው ለሌላው ምርኮኛ እንዲራሩ አላደረጋቸውም፤ ወይም ራርተው ከሆነ ርኅራኄያቸው የዘመቻውን አካሄድ አልለወጠውም። ስለዚህ ሦስተኛው መመሪያዬ፦ ጠላትነት በደም የሚወረስ ባሕርይ ሳይሆን ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ስፍራ ነው፤ ስፍራው ሲለወጥ ሰውዬውም ይለወጣል፤ የሚለወጠው ግን ሁልጊዜ ወደ መልካም አይደለም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ

ይህንን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ሳቀርብ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነው፦ «ከባሕርዩ የወጣ ደግ ጠላት ፍለጋ መሄድ ግፍን መሸፋፈን አይሆንም ወይ?» ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ በቁም ነገር ልመልሰው እወዳለሁ።

በጉራጌ ምድርና በአካባቢው በተካሄዱት ዘመቻዎች ከተያዙት ሰዎች ቤተ መንግሥት ገብተው ማዕረግ ያገኙት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። የሌሎቹ፣ የብዙዎቹ፣ ዕጣ ባርነትና ከአገር መነቀል ነበር። ስማቸውም አልተጻፈም። የሀብተ ጊዮርጊስን ወይም ደጃዝማች ባልቻን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ብቻችንን ስንተርክ የዘመቻው ፊት የማረከውን የሚያሳድግ ደግ አባት ፊት ይመስላል። ያልተተረኩት ግን ዝም ብለዋል። ተኩላው ሲፍ ሲያነክስ እናዝንለታለን፤ ጨዋታው ግን ከመግደል አያድነንም። ኀዘናችን ደንቡን አልቀየረም፤ እንዲያውም ደንቡን ለመቀበል ቀላል አደረገልን። አንዳንድ የታሪክ ትረካ በጠላት ላይ የሚያፈስሰው እንባም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው «ደጉን ጠላት አግኝታችሁ አመስግኑ» አይደለም። የምለው፣ ያልገጠመውን ዝርዝር አትጣሉት ነው። ያልገጠመው ዝርዝር ደግነት ሊሆን ይችላል፤ ከወገን ጀግና የመጣ ጭካኔም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እኩል መመዝገብ አለባቸው። የጠላትን ደግነት ብቻ የሚመዘግብ ሰው ግፍን ይሸፍናል፤ የወገንን ጀግንነት ብቻ የሚመዘግብም ያንኑ ያደርጋል።

በጨዋታው ዓለምም መልኩ ሲገለበጥ አይተናል። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያን የሚወክለው ዘመቻ የዮዲት ነው። በእኛ ትውፊት አክሱምን ያቃጠለችው፣ ስሟ ከጥፋት ጋር የተጣበቀው ዮዲት በጨዋታው ውስጥ የተበደለች ልዕልት ናት፤ ተጫዋቹም ከእርሷ ጎን ሆኖ አክሱምን ይወጋል። አንዳንዶች ይህን እንደ ስድብ፣ ሌሎች እንደ ፍትሕ ያዩታል። እኔ ግን ከሁለቱም ጋር አልቆምም። ጥቁሩን ነጭ ማድረግ ሥዕሉን አያሰፋውም፤ ቀለሙን ብቻ ይለውጠዋል። ዮዲት ጠላት ብቻ ስትሆን የማትታወቀውን ያህል ጀግና ብቻ ስትሆንም አትታወቅም።

ለምን አሁን፣ ለምን እዚህ

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ አዳራሽ ባላስቸገርኳችሁ ነበር። ሁላችንም እንደምናውቀው በቅርብ ዓመታት በቡታጅራ ዙሪያ በሚኖሩት በመስቃንና በማረቆ ማኅበረሰቦች መካከል በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በወልቂጤም ተመሳሳይ የሥጋት ቀናት አሳልፈናል። በእነዚህ ቀናት አንድ ነገር አስተውያለሁ። ጎረቤት በአንድ ሌሊት በጨዋታው ዓለም እንደምናየው ያለ ጠላት ይሆናል፤ ስም የለውም፣ ታሪክ የለውም፣ ሥራው አንድ ብቻ ነው። አብሮ ዕቁብ የጣለ፣ በአንድ ዕድር ለቅሶ የደረሰ ሰው «እነርሱ» በሚል ቃል ውስጥ ይጠፋል።

የአካባቢያችን ጥንታዊ ተቋማት ይህንን አደጋ ያውቁት ነበር። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ፣ በክስታኔ የጎርደና ሥርዓት ደም የተቃባ ሰው ለዘላለም ደመኛ ሆኖ እንዳይቀር መንገድ ያበጁ ነበር። ገዳይ ራሱን ይገልጣል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሳ ይቈረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል። የዚህ ሥርዓት ጥበብ ያለው ገዳዩን ንጹሕ ነው ባለማለቱ ነው። በደሉን በስሙ ይጠራል፤ ነገር ግን በዳዩን ከበደሉ ጋር አንድ አያደርገውም። ጠላትነትን እንደ ባሕርይ ሳይሆን የሚወጣበት በር እንዳለው ስፍራ ይቈጥረዋል። የታሪክ አጻጻፋችንም ከዚህ የሚማረው አለ፤ በደልን ሳይሸሽግ፣ በዳይንም ወደ ጭራቅ ሳይለውጥ መጻፍ።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ተግባራዊ ምክር እንግዲህ የሚከተለው ነው። የቃል ታሪክ ልትሰበስቡ ወደ ቸሃ፣ ወደ እዣ፣ ወደ ሶዶ፣ ወደ መስቃን፣ ወደ ማረቆ ወይም ወደ ቀቤና ስትወጡ ለአባቶችና ለእናቶች የተለመደውን ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ከዚያኛው ወገን ያልጠበቃችሁትን ነገር ያደረገ ሰው ነበር?» በሉ። ቀጥሎም ይበልጥ የሚከብደውን ጠይቁ፦ «ከእናንተ ወገንስ?» መልሱን በተናጋሪው ቋንቋ፣ በራሱ ቃል መዝግቡ። ማን እንደ ነገራችሁ፣ ከማን እንደ ሰማ፣ ሲነግራችሁ ማን አጠገቡ እንደ ተቀመጠ ጻፉ፤ ሰው ብቻውን የሚናገረውና በጎረቤቶቹ ፊት የሚናገረው አንድ አይደለምና። ታሪኩ እጅግ ያማረ፣ ምክንያቱም እጅግ የተስተካከለ ከሆነ የጋንዲን ቦምብ አስታውሱ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ምስክር ፈልጉ። ምስክሮቹም ከአንድ ምንጭ የጠጡ እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ለአደጋ የሚያጋልጥ ስም ካለ ከመዝገባችሁ አውጡት፤ ሰውን ለቂም አሳልፎ የሚሰጥ ምርምር ምርምር አይባልም።

ሌላም ምክር አለኝ። የምታገኙት መልስ «አልነበረም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ» የሚል ሊሆን ይችላል። ይህም መልስ ነው፤ መዝግቡት። ስለ ጠላቱ ብዙ ባይነግራችሁ ስለ ቁስሉ ትኩስነት ይነግራችኋል። ከዓመታት በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ሰው ብትጠይቁት መልሱ ተለውጦ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ለውጡ ራሱ የታሪክ ምንጭ ነው።

የጨዋታ ደራሲ ጠላቱን እንደ ወደደ ይፈጥረዋል፤ ጠባዩን በቁጥር ይሰጠዋል፣ ሲፈልግ ያነክሰዋል፣ ሲፈልግ ያዝነዋል። የታሪክ ጸሐፊ ይህ ነጻነት የለውም። የሚጽፍላቸውና የሚጽፍባቸው ሰዎች የልጅ ልጆች ያሏቸው ናቸው፤ ከልጅ ልጆቹም አንዳንዶቹ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የምንጽፈውን ነገ ያነቡታል፤ በጻፍነውም መሠረት ይቀራረባሉ ወይም ይራራቃሉ። ስለዚህ ምንጮቻችን ውስጥ አንድ ሰው ከተሰጠው ጠባይ ወጥቶ ስናገኘው ወደ ሥዕሉ ለመመለስ አንቸኩል፤ ሥዕሉን እናስፋው።

 አሁን ለጥያቄና ለውይይት ጊዜው የእናንተ ነው።